ፍላሽ ሲዘጋ ስልኩም አብሮ ይታሰብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ኮምፒውተር ደህንነት ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው በኢንተርኔት በኩል ስለሚመጣው ጥቃት ነው። በየቢሮው ጠረጴዛ ሥር ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ እምብዛም አይነሳም። ሲነሳም ነገሩ «ፍላሽ መጠቀም በጥብቅ የተከለከለ ነው» በሚል ማስታወቂያ ይጀመርና እዚያው ያልቃል፤ ማስታወቂያው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ፍላሹ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር መዞሩን ይቀጥላል። ቀዳዳውን በሙጫ የሚደፍኑም አሉ። ሙጫ ግን ነገ ኪቦርድ ወይም ፕሪንተር የሚሰካበትን ቦታ ያሳጣል፤ ለሥራ ተብሎ ሳይደፈን የቀረውን አንድ ቀዳዳ ደግሞ ማንም ይጠቀምበታል። የዩኤስቢ ቁጥጥር ሥራ ሳያደናቅፍ፣ ሌላ ሶፍትዌር ሳይገዛ፣ ዊንዶውስ ራሱ በያዘው መሣሪያ በአግባቡ ሊከናወን ይችላል። እንዴት እንደሚሠራና የት የት ላይ እንደሚሳት ላስረዳ።

አደጋው የሚገባም የሚወጣም አለው። የሚገባው ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተነሳው ኮንፊከር የተባለ ቫይረስ በኔትወርክ ብቻ ሳይሆን፣ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ በሚያስነሳው አውቶራን በኩልም ተሠራጭቷል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 አውቶራን በፍላሽ ላይ እንዳይሠራ የሚያደርገውን ማሻሻያ ለቆዩት ዊንዶውሶችም አዳረሰ። ይህ ብቻውን እንደማይበቃ ግን አስቀድሞ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ለታወቀው ስታክስኔት ለተባለ ቫይረስ፣ ሰው ፍላሹን ከፍቶ የፋይሎቹን ዝርዝር ማየቱ ብቻ ይበቃው ነበር፤ ምንም ነገር መንካት አያስፈልግም።

ዛሬም በየቢሮው የሚያስቸግረው የሾርትከት ቫይረስ ከዚህ ይቀላል፤ የሚሠራውም በሰው እጅ ነው። ፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ይደብቅና በእነሱ ስም ሾርትከት (ሲነካ ሌላ ፋይል የሚከፍት ምስል) ያስቀምጣል። ሠራተኛዋ «ሪፖርት» የሚለውን ሁለቴ ስትነካ የተደበቀው ስክሪፕት (በራሱ የሚፈጸም የትእዛዞች ፋይል) ይነሳል፤ ወዲያው እውነተኛው ፎልደር ስለሚከፈትላት ምንም የሆነ ነገር አይመስላትም። ምልክቱ በፎልደሩ ምስል ጥግ ላይ የምትታየው ትንሽ ቀስት ናት። ብዙ ሰው ፎልደሮቹ የጠፉ መስሎት ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል፤ ፋይሎቹ ግን እዚያው አሉ፣ «የተደበቀ» እና «የሲስተም» የሚል ምልክት ነው የተደረገባቸው። ምልክቱ «አትሪብ» በሚባለው ትእዛዝ ይነሳል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ካልጸዳ፣ የጸዳው ፍላሽ በተሰካ በደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይያዛል።

የሚወጣው መረጃ ነው። የደመወዝ ዝርዝር፣ የደንበኞች መዝገብ፣ የጨረታ ሰነድ በጣት በምታህል ዕቃ ተይዞ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በክፋት አይደለም፤ ሠራተኛው እቤቱ ሊጨርሰው ይወስደዋል፣ ፍላሹ መንገድ ላይ ይወድቃል። የወደቀ ፍላሽ ደግሞ ሰው ያነሳዋል። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 297 ፍላሾችን በግቢው ውስጥ ጥለው ሲከታተሉ፣ ቢያንስ 45 ከመቶ በሚሆኑት ውስጥ የነበሩ ፋይሎች ተከፍተዋል።

እንግዲህ በየቢሮው የተለመደው መፍትሔ በሬጂስትሪ (በዊንዶውስ የቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ «ዩኤስቢስቶር» በሚለው አገልግሎት ሥር «ስታርት» የሚለውን ቁጥር ከ3 ወደ 4 መቀየር ነው። 3 ክፍት፣ 4 ዝግ ማለት ነው። ፈጣን ነው፤ ፍላሽ ሲሰካም በእርግጥ አይታይም፤ ኃላፊውም «ተዘጋ» ይባላል። ችግሩ አልተዘጋም። አንደኛ፣ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ የማያውቅ ፍላሽ ሲመጣ ዊንዶውስ ድራይቨሩን (ዕቃውን የሚያሠራውን ፕሮግራም) አዲስ ሲጭን ቁጥሩን ወደ 3 ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛ፣ አዳዲሶቹ ፈጣን ኤክስተርናል ዲስኮች የሚሠሩት «ዩኤኤስፒስቶር» በተባለ ሌላ ድራይቨር ስለሆነ የዩኤስቢስቶር መዘጋት አይነካቸውም። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ስልክ ነው። ስልክ በኬብል ሲገናኝ ለኮምፒውተሩ ራሱን የሚያስተዋውቀው እንደ ዲስክ ሳይሆን እንደ ተንቀሳቃሽ የሚዲያ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ ፈጽሞ አይከለከልም። ፍላሽ ተከልክሎ 128 ጊጋባይት የሚይዝ ስልክ ሲፈቀድ፣ የፊት በሩን ቆልፎ የጓሮውን ክፍት እንደመተው ነው።

ትክክለኛው ቦታ ግሩፕ ፖሊሲ፣ ማለትም በቢሮው ኮምፒውተሮች ላይ ደንብ የሚጣልበት የዊንዶውስ መሣሪያ ነው። «ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን»፣ ከዚያ «አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ»፣ ከዚያ «ሲስተም»፣ በመጨረሻ «ሪሙቨብል ስቶሬጅ አክሰስ» የሚለው ይከፈታል። እዚያ ለእያንዳንዱ ዓይነት ዕቃ፣ ማለትም ለተነቃይ ዲስክ፣ ለሲዲና ዲቪዲ፣ ስልክና ካሜራን ለሚያካትተው «ደብሊውፒዲ ዲቫይስስ»፣ ማንበብንና መጻፍን ለየብቻ መከልከል ይቻላል። ሁሉንም በአንዴ የሚዘጋ አማራጭም አለ፤ እሱ ከበራ የተናጠሎቹን ሁሉ ይሽራል፤ ስለዚህ ልዩነት ለማድረግ የሚያስብ ቢሮ አይንካው። እኔ የምመክረው መጻፍን በሁሉም ኮምፒውተር ላይ መዝጋት፣ ማንበብን ደግሞ ከውጭ ሰነድ መቀበል ሥራቸው ላልሆነ ክፍሎች መዝጋት ነው። በተነቃይ ዲስኮች ላይ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለው ሦስተኛው አማራጭ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ከሚገባው በላይ አይታመን። ስክሪፕቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም ያለው በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ስለሆነ፣ ከላይ ያልኩት የሾርትከት ቫይረስ ይህን አልፎ ሊሠራ ይችላል።

ፖሊሲው ከሰርቨር ወደ ኮምፒውተሮቹ የሚደርሰው በየ90 ደቂቃው ነው፤ በዚያ ላይ እስከ 30 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። ፖሊሲው ሲደርስ ፍላሹ ተሰክቶ በሥራ ላይ ከነበረ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ ክልከላው ላይጸና ይችላል። «አዘዝኩት፣ አልሠራም» ተብሎ የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የዊንዶውስ ሆም እትም የግሩፕ ፖሊሲ ማስተካከያው ስለሌለው፣ ለቢሮ ኮምፒውተር ሲገዛ ፕሮ የሚለው እትም መሆኑ ይታይ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር አለ፤ ሠራተኛው ሁሉን የመቀየር ሥልጣን ባለው የአድሚን አካውንት የሚሠራ ከሆነ የተዘጋውን ሁሉ ራሱ ይከፍተዋል። የዕለት ሥራ የሚሠራበት አካውንት ተራ ተጠቃሚ ካልሆነ የቀረው ድካም ከንቱ ነው።

ቢሮው የራሱን ፍላሾች ብቻ መፍቀድ ሲፈልግ እዚያው ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ «ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሪስትሪክሽንስ» (የዕቃ መጫን ገደብ) ወደሚለው ይሄዳል። ሁሉም የዩኤስቢ ዕቃ የአምራችና የምርት መለያ አለው፤ እያንዳንዳቸው ባለ አራት አሃዝ ናቸው። እነዚህን ብቻ መፍቀድ ግን ያንኑ ሞዴል ከገበያ የገዛን ሁሉ መፍቀድ ነው። የሚሻለው ተከታታይ ቁጥሩን ጭምር የያዘውን ሙሉ መለያ ማስገባት ነው። እዚህ ላይ ርካሽ ፍላሾች ጉድ ያደርጋሉ፤ ብዙዎቹ የራሳቸው ተከታታይ ቁጥር የላቸውም፣ ወይም ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ነው የያዙት። በዲቫይስ ማናጀር የመለያው የመጨረሻ ክፍል ሲታይ ሁለተኛው ምልክት «&» ከሆነ፣ ቁጥሩን የፈጠረው ዊንዶውስ እንጂ አምራቹ አይደለም፤ ያ ፍላሽ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በብዛት ከመግዛት በፊት ሁለት ናሙና አስመጥቶ መለያቸውን ማነጻጸር ብዙ ገንዘብ ያድናል።

በዚሁ ቦታ ሁለት ወጥመዶች አሉ። «ተነቃይ ዕቃ እንዳይጫን» የሚለው አማራጭ ፍላሽን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ ዊንዶውስ ግን በዩኤስቢ የሚሰካን ሁሉ፣ ማውስና ኪቦርድ ጭምር፣ ተነቃይ ብሎ ይቆጥራል። ዛሬ ምንም አይሰማም። ከወር በኋላ አንድ ማውስ ተበላሽቶ አዲስ ሲሰካ አይሠራም፤ ምክንያቱንም ማንም አያስታውስም። ሁለተኛው ወጥመድ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ክልከላው በራሱ የሚይዘው አዲስ የሚመጡትን ብቻ ስለሆነ፣ ቀድሞ ተሰክቶ የሚያውቅ ፍላሽ መሥራቱን ይቀጥላል። «ቀደም ብለው በተጫኑትም ላይ ይጽና» የሚለው ሳጥን ምልክት ካልተደረገበት፣ ለዓመታት ሲዞሩ የኖሩት ፍላሾች ሁሉ እንደተፈቀዱ ይቆያሉ። ምልክት ሲደረግበት ደግሞ በሥራ ላይ ያለው ኪቦርድም ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በአንድ ኮምፒውተር፣ ከሩቅ በኔትወርክ መግባት መቻሉ ተረጋግጦ፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይሞከር።

የተፈቀደው ፍላሽ ቢጠፋስ? መልሱ ዲስክን በይለፍ ቃል የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ቢትሎከር ነው። በቢትሎከር ባልተቆለፈ ተነቃይ ዲስክ ላይ መጻፍን የሚከለክል ፖሊሲ አለ፤ ከበራ በኋላ ያልተቆለፈ ፍላሽ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ በማዕከል እንዲቀመጥ ካልተደረገ፣ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሠራተኛ ሰነዱን እስከ ወዲያኛው ያጣዋል። ሰነዱን የሚቀበለው ወገን ማክ ወይም ሊኑክስ የሚጠቀም ከሆነም እንዲሁ በዋዛ እንደማይከፍተው አስቀድሞ ይታወቅ።

ከዊንዶውስ ውጪ ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኮምፒውተሩ ከፍላሽ እንዲነሳ ከተተወ፣ ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ሰክቶ ያስነሳ ሰው ለዊንዶውስ ፖሊሲ አይገዛም፤ ዲስኩ ካልተቆለፈም እንዳለ ይገለብጠዋል። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የኮምፒውተሩ መነሻ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ከዩኤስቢ መነሳትን ማጥፋት፣ ባዮሱን በይለፍ ቃል መቆለፍ፣ የውስጡን ዲስክ በቢትሎከር መቆለፍ ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ። በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የቦርዱን ባትሪ በመንቀል የባዮሱ ይለፍ ቃል ሊጠፋ ስለሚችል የመጨረሻው በተለይ አይዘለል።

ስልክም ሌላ ጣጣ አለው። ኢንተርኔት በኬብል ሲያካፍል ለኮምፒውተሩ የኔትወርክ ካርድ ሆኖ ነው የሚቀርበው፤ የዲስክ ክልከላ አያገኘውም፣ የቢሮውን ፋየርዎልም (የኔትወርክ መከላከያ) ዘሎ ይወጣል። ይህ የሚያዘው በዚያው የመጫን ገደብ ነው። ለቻርጅ ብለው የሚሰኩ ሠራተኞች በየክፍሉ የግድግዳ ቻርጀር ቢቀመጥላቸው ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል። ራሱን እንደ ኪቦርድ የሚያቀርብ ፍላሽ መሰል ዕቃም አለ። ካርስተን ኖል እና ያኮብ ሌል እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት፣ የአንድ ተራ ፍላሽ ውስጣዊ ፕሮግራም ተቀይሮ በኪቦርድ ስም ትእዛዝ ሊጽፍ ይችላል። አንቲቫይረስ ይህን አይቶ አያውቀውም፤ የዲስክ ክልከላም አይነካውም። የሚረዳው የተፈቀዱ ዕቃዎች ዝርዝርና ሠራተኛው ያልታወቀ ዕቃ አለመሰካቱ ነው።

ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ማን ምን እንደሚሰካ መታወቅ አለበት፤ አብዛኛው ክልከላ የሚከሽፈውም በዚህ ነው። በኦዲት ፖሊሲ ውስጥ የዕቃ መሰካት ምዝገባ ሲበራ፣ አዲስ ዕቃ በተሰካ ቁጥር በሴኩሪቲ መዝገብ 6416 የሚል ቁጥር ያለው ክስተት ይጻፋል። ሁለት ሳምንት ይህን ሰብስቦ ማየት ከማንኛውም መጠይቅ ይበልጣል። የተነቃይ ዲስክ ፋይሎችን የሚመዘግበውን 4663 ማብራት ግን መዝገቡን በፍጥነት ይሞላዋል፤ 20 ሜጋባይት የሆነው የተለመደው መጠን ቀድሞ ካልጨመረ የቆየው እየተሰረዘ ይሄዳል። ከዚያ ሂሳብ ክፍል ከባንክ ሰነድ በፍላሽ እንደሚቀበል፣ ስካነሩ ወደ ኔትወርክ ስላልተገናኘ ሰው ፍላሽ ይዞ እንደሚመላለስ ይታወቃል። የጋራ ፎልደር ይከፈትላቸው፣ ስካነሩ ወደ ኔትወርክ ይገናኝ። መንገድ ሳይሰጣቸው የተዘጋባቸው ሰዎች በማግስቱ በግል ኢሜይልና በቴሌግራም መላክ ይጀምራሉ፤ ያ ደግሞ ከፍላሹ ይልቅ ለመቆጣጠር ይከብዳል።

ከውጭ ለሚመጣ ፍላሽ አንድ የመቀበያ ኮምፒውተር ይበቃል። ከቢሮው ኔትወርክ ተለይቶ፣ ቢቻል ሊኑክስ ተጭኖበት፣ አንቲቫይረሱ በየቀኑ እየታደሰ በአንድ ኃላፊነት ባለው ሰው እጅ ይቀመጥ። ሰነዱ ተፈትሾ በቢሮው ፍላሽ ይገባል፤ የእንግዳው ፍላሽ ከዚያ ኮምፒውተር አያልፍም።

ሥራው አለቀ ከመባሉ በፊት በተራ ተጠቃሚ አካውንት አራት ዕቃ ተሰክቶ ይሞከር፤ ተሰክቶ የማያውቅ ፍላሽ፣ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ስልክ፣ ሚሞሪ ካርድ። ሚሞሪ ካርድን የምጠቅሰው የአንዳንድ ላፕቶፕ የካርድ ማንበቢያ በዩኤስቢ መስመር ስለማይሠራ ነው።

በመጨረሻም ለኃላፊዎች የምለው አለኝ። በየመሥሪያ ቤቱ ከክልከላው ውጪ የሚደረገው የመጀመሪያው ኮምፒውተር የበላይ ኃላፊው የሚጠቀምበት ነው። የቦርድ ቃለ ጉባኤው፣ ውሉ፣ ያልተገለጸው በጀት ያለው ግን እዚያ ነው። ልዩ ፈቃድ ለማንም ሲሰጥ በጽሑፍ፣ ለተወሰነ ፍላሽ፣ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበት ይሁን፤ ቀኑ ሲደርስም አይቲ ክፍሉ ማንንም ሳይጠይቅ ይዝጋው።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ሥርዓት አስተዳደር ባለሙያ