«የልጆች ጨዋታ ነው» አትበሉን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ልጄ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ወር ድንገት ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ዛሬ ሆዴን፣ ነገ ራሴን፤ ሰበቡ አያልቅም። በኋላ ነገሩ ወጣ። የክፍሏ ልጆች ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተው ፎቶዋን ስቲከር አድርገውታል። በአነጋገሯም ይስቁባታል። ከክፍለ ሀገር ከመጣን ገና ሁለት ዓመታችን ነው።

ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። «የልጆች ጨዋታ ነው፤ ደግሞም ከግቢ ውጭ የሆነ ነገር አይመለከተንም» ተባልኩ። እንዴት አይመለከታችሁም? ማታ ሲስቁባት ካመሹት ጋር እኮ ነው ጠዋት አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው!

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ሰውን በተደጋጋሚ መልእክት ማስጨነቅን ወንጀል አድርጎታል። እኔ ግን የሰው ልጅ ፖሊስ ጣቢያ መጎተት አልፈልግም። ወላጆች ተጠርተው እንነጋገር፣ ስቲከሩም ይጥፋ ነው የምለው። ስክሪንሾቱን ሁሉ ይዣለሁ።

ከዚያ ሁሉ ተማሪ አንዲት ልጅ ብቻ «ኧረ ተዉዋት» ብላ ጽፋለች። እሷንም ከግሩፑ አስወጧት። እናቷን እያፈላለግኩ ነው፤ ላመሰግናት።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ