ደብዳቤ ለልጄ፦ ኮርኒሱ ሳይመታ በፊት

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ እናትሽም ወገቧ ቀለል ብሎላታል፣ ከናፍቆት ጋር ሰላምታዬን አድርስልኝ ብላለች።

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ለምታሠሩት ቤት ስለ ኤሲ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐረር ተቀምጦ ስለ ኤሲ መምከር ለሰሚው ሊያስቅ ይችላል፤ እኛ እዚህ ማታ ማታ ጋቢ ስንደርብ፣ እናንተ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሆናችሁ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ታያላችሁ። ሆኖም የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ድሬዳዋ፣ በሆቴል የጥገና ክፍል፣ እነዚህኑ ማሽኖች ስፈታና ስገጥም በመሆኑ ያልሽኝን በቸልታ ማለፍ አልቻልኩም።

ሻጩ ለሳሎኑም ለሦስቱ መኝታ ክፍሎችም አንድ ትልቅ ባለ ዳክት ስፕሊት፣ ማለትም አንዱ ክፍሉ ቤት ውስጥ ሌላው ውጪ የሚቀመጥ ኤሲ፣ ይበቃል ማለቱን ጽፈሻል። የእኔ ሐሳብ ከእርሱ ይለያል። ባለ ዳክት የሚባለው ማሽን ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው የሚለየው የውስጡ ክፍል ኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ፣ የቀዘቀዘውን አየር በቱቦ ወደየክፍሉ ስለሚያከፋፍል ነው እንጂ፣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰርም የመዳብ ቱቦውም የሚያቀዘቅዘው ጋዝም ያው ነው። አንድ ማሽን ደግሞ ሙቀት የሚለካው በአንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉንም ክፍሎች እንደ አንድ ክፍል ነው የሚቆጥራቸው። ስለዚህ ሊጠቅም የሚችለው በአንድ ሰዓት አብረው ለሚሠሩ ክፍሎች ነው። መኝታ ክፍሎቻችሁ ሦስቱም ማታ በአንድነት ይፈለጋሉ፤ ሳሎኑ ግን የሚፈለገው ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጥላ በሚፈልግበት፣ እንግዳም ፍራሽ ላይ ጋደም በሚልበት ሰዓት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰር ማለት ሰው ለሌለበት ክፍል ቆጣሪ ማስቆጠር ነው። ለሦስቱ መኝታ ቤቶች አንድ መካከለኛ ባለ ዳክት፣ ለሳሎኑ ራሱን የቻለ የግድግዳ ኤሲ ከጣሪያ ማራገቢያ ጋር ብታደርጉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ማሽኑን ከመምረጥሽ በፊት ግን የአየሩን መንገድ ምረጪ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ማሽኑ ይገዛል፣ ኮርኒሱ ይመታል፣ ከዚያ ቱቦው በቀረለት ቀዳዳ እየተጠማዘዘ ይገባል። ቤታችሁ ቆርቆሮ ክዳን ስለሆነ፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ቀትር ላይ ሰው ለደቂቃዎች የማይቆይበት ምድጃ ይሆናል። በዚያ ውስጥ የሚያልፍ ቀዝቃዛ አየር መኝታ ቤት ሳይደርስ ግማሽ መንገድ ላይ ይሞቃል። ስለዚህ ቱቦውን ከጣሪያው ሥር ከመዘርጋት ይልቅ የኮሪደሩን ኮርኒስ 40 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ፣ ማሽኑንም ቱቦውንም እዚያ ውስጥ አስገቡትና አየሩ ከየበሩ በላይ ባለው ግድግዳ በኩል ወደ ክፍሎቹ ይግባ። ዝቅ ካለው ኮርኒስ በላይ ሙቀት የሚከላከል የፋይበር ግላስ ምንጣፍ ይነጠፍበት፤ በመኝታ ክፍሎቹም ኮርኒስ ላይ እንዲሁ። ይህ የምንጣፍ ወጪ ለማሽኑ ከሚጨመረው ገንዘብ በፊት መምጣት አለበት። ኮሪደራችሁ ዝቅ ሲል እንደማያምር ባለቤትሽ ሊናገር ይችላል፤ መብራቱን እዚያው ቀብራችሁ ብትሠሩት ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ስለ መመለሻው አየር ነው። ማሽኑ የሚነፋውን ያህል አየር መልሶ መሳብ አለበት፤ መሳቢያው ፍርግርግ ብዙውን ጊዜ ኮሪደር ላይ ይደረጋል። ማታ ልጆቹ በራቸውን ዘግተው ሲተኙ የተነፋባቸው አየር መውጫ ያጣል፣ ክፍሉ እንደ ተነፋ ፊኛ ይወጠራል፣ አዲስ ቀዝቃዛ አየርም መግባት ያቆማል፤ ኮሪደሩ በበኩሉ አየር ስላነሰው በመስኮትና በጣሪያ ስንጥቅ የውጪውን ሙቀት ይስባል። በሆቴሉ እንግዶች ኤሲው በር ሲከፈት ይሠራል፣ ሲዘጋ ይሰንፋል ብለው ሲያማርሩ፣ የምናደርገው ፈተና ቀላል ነበር፦ በሩን ዘግተን ከሥሩ ባለው ክፍተት አንድ ቀጭን ሶፍት እንይዛለን፤ ሶፍቱ ወደ ኮሪደሩ በኃይል ተገፍቶ ቀጥ ብሎ ከቆመ መመለሻ ጠቦታል ማለት ነው። እናንተ ገና እየሠራችሁ ስለሆነ ከእያንዳንዱ መኝታ ቤት በር በላይ ወደ ኮሪደሩ የሚከፈት ፍርግርግ አስበጁ፤ ድምፅ እንዳያሳልፍ ከፈለጋችሁ ቀዳዳው በግድግዳው ውስጥ ከፍና ዝቅ ብሎ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል።

የቱቦው ስፋትም በግምት አይሁን። 24,000 ቢቲዩ (ቢቲዩ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) የሚሠራ ማሽን በሰዓት 1,350 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ያንቀሳቅሳል፤ ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ክፍል 450 ይደርሰዋል፣ ይህም ጫጫታ ሳያሰማ እንዲያልፍ የቱቦው አፍ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። ባለሙያው 15 ይበቃል ካለ ርካሽ ስለሆነለት ነው። ሻጩንም የውስጡ ማሽን አየሩን በስንት ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) እንደሚገፋ ጠይቂው። ቀጫጭኖቹ ማሽኖች 30 ፓስካል እንኳ የማይገፉ ሲሆኑ፣ አቧራ የጠገበ ፊልተርና ሁለት መጠምዘዣ ብቻ አቅማቸውን ይጨርሱታል። ከ50 በላይ የሚገፋውን ምረጪ።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። ሦስቱ መኝታ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 16 ካሬ ሜትር ናቸው ብለሽኛል። በካሬ 600 ቢቲዩ የሚለውን የገበያ ስሌት ብንከተል 28,800 ይመጣል፤ ኮርኒሱ ላይ ምንጣፍ ከተነጠፈና የምዕራቡ መስኮት ጥላ ከተሠራለት ግን 24,000ው ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ ኢንቨርተር፣ ማለትም ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ የሚያስተካክል፣ ይሁን እንጂ። ትልቅ መግዛት ደግሞ አይጠቅምም፤ ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ ቶሎ ይነሣል፣ ኮምፕሬሰሩም በዚያ ይደክማል። በዚህ ላይ በ1,200 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ13 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ በትክክል የሚሠራ ማሽን እናንተ ዘንድ ጥቂት አቅሙን ያጣል። ሌላ የምትጠይቂው ነገር ማሽኑ ቲ 1 ነው ወይስ ቲ 3 የሚለውን ነው፤ ቲ 1 የሚባለው አቅሙ በ35 ዲግሪ የተለካ፣ ቲ 3 ደግሞ ለሞቃት አገሮች በ46 ዲግሪ የተለካ ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በሰኔ ቀትር ነው።

ባለቤትሽ በውሃ የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ ስለ ማሰቡ፦ በደረቁ ወራት በጥቂት መብራት ብዙ ይሠራል፣ አልክድም። ነገር ግን የድሬዳዋ ውሃ ጀበና ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ቅርፊት ታውቂዋለሽ፤ ያው ቅርፊት የማሽኑን ንጣፍ ይደፍነዋል። ውሃ በሚቋረጥበት ቀንም ማራገቢያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለበረንዳ ግዙት፣ ለመኝታ ቤት ግን አልመክርም።

ከውስጡ ማሽን የሚወጣውን ውሃ አትርሺ። በሆቴሉ የአንዱ ፎቅ ኮሪደር ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ምልክቶች በየጊዜው ይወጡ ነበር፤ ቀለም ይቀባል፣ እንደገና ይወጣል። ስንፈታው የፍሳሹ ቱቦ መሐሉ ላይ ወደ ላይ ጎብጦ፣ ከአቧራና ከዝልግልግ ጭቃ የተሠራ ውታፍ ዘግቶት አገኘነው። በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ተዳፋት ይኑረው፣ ከማሽኑ ሥርም ሁለተኛ ሳህን ይቀመጥ፤ ወደ ፊልተሩና ወደ ሳህኑ እጅ የሚያስገባ የሚከፈት በርም ኮርኒሱ ላይ ይተው። ፊልተሩን በየ15 ቀኑ እጠቡት፤ ነፋስ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ሲያነሣ ደግሞ በየሳምንቱ።

የውጪውን ማሽን በስተ ሰሜን ግድግዳ እናድርገው ያልሽው ለሌላ አገር ትክክል ነው። እኛ ዘንድ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች፤ ሙቀቱ የሚበረታውም በዚያው ወቅት ነው። ምሥራቁ ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ የቤቱ ጥላ ያርፍበታልና። ከግድግዳው 30 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ የሚተፋው ሙቅ አየርም ፊት ለፊት አጥር አግኝቶ እንዳይመለስበት ተጠንቀቁ።

ማሽኑ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከ10 አምፔር በላይ ስለሚስብ የራሱ መስመር በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይዘርጋለት፣ ብሬከሩም ለብቻው ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ይዘልላል፤ የኢንቨርተሩን ቦርድ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ሦስት ደቂቃ ያህል ጠብቆ የሚያስነሣ መከላከያ ያለው ስታብላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል መሣሪያ) ከማሽኑ ጋር አብሮ ይገዛ። ጋዙ አር 32 ወይም አር 410 ኤ ይሁን፤ አር 22 የሚጠቀም አሮጌ ማሽን በርካሽ ቢያቀርቡላችሁም አትቀበሉ። ገጣሚው ቱቦውን ገጥሞ ሲጨርስ በናይትሮጅን ፈትኖ፣ አየሩን በቫኪዩም ፓምፕ አውጥቶ ጋዙን ይልቀቅ። ጥቂት ጋዝ ለቅቄ አየሩን አስወጣዋለሁ የሚል ካጋጠመሽ ሥራውን አስቁሚው።

የኮሪደሩን ርዝመትና ከወለል እስከ ጣሪያ ያለውን ከፍታ፣ የመኝታ ክፍሎቹን መስኮቶች አቅጣጫ ጨምረሽ በወረቀት ስለሽ ላኪልኝ፤ የቱቦውን መስመር እኔ ሠርቼ እመልስልሻለሁ። ኮርኒስ የሚመታው ሰው ወረቀቱ እስኪደርስ ይቆይ።

አባትሽ፣
ከሐረር