ፎር ዊል በደረቅ አስፋልት ላይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በክረምት ከገጠር የሚመለሱ ፒክአፖች ከጭቃው ከወጡ በኋላም ፎር ዊሉን (አራቱንም ጎማ የሚያስነዳውን ማርሽ) ሳይፈቱ በአስፋልት ሲነዱ ደጋግሜ ስለማይ ይህን ጽፌአለሁ። በአገራችን በብዛት የሚታዩት የቶዮታ ፒክአፖች አብዛኛውን ጊዜ የሚነዱት በኋላ ጎማ ነው። ረዳት ማርሹ ወደ «ኤች 4» (ፈጣኑ ፎር ዊል) ሲገባ ግን የፊቱና የኋላው አክስል (የጎማዎቹ ዘንግ) እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው የመዞር ልዩነታቸውን የሚያቻችል ዲፈረንሻል የሚባል ክፍል የለም። መኪናው ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ስለሚሄዱ፣ በጭቃ ወይም በአሸዋ ላይ ጎማው በመንሸራተት የሚያቃልለው ውጥረት በደረቅ አስፋልት ላይ መውጫ አጥቶ በጥርሶቹና በዘንጎቹ ላይ ይከማቻል። ማርሹ አልፈታ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው፤ በጉልበት ከመጎተት ይልቅ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ያላቅቀዋል።

በእያንዳንዱ የፊት ጎማ እምብርት ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ያላቸው ላንድክሩዘሮች ደግሞ ሹፌሩ ወርዶ ሁለቱንም ካልቆለፈ፣ ማርሹ ቢገባም የፊት ጎማዎች አይነዱም። ይህን ባለማወቅ ጭቃ ውስጥ ሲደክሙ የዋሉ ሹፌሮችን አይቼ አዝኛለሁ። «ኤል 4»ን (ዝግተኛውንና ጉልበተኛውን ፎር ዊል) ደግሞ መኪናው ቆሞ ማስገባት ይገባል።

የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች ይህን በተግባር እንዲያስተምሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ