ለጥያቄሽ የዘገየ መልስ

ውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ድምፄ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆነ። ምክንያት አልደረድርልሽም፤ ይህ ሥራ ሰውን እንዴት እንደሚውጥ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። በጣም ናፍቀሽኛል።

የመጨረሻ ደብዳቤሽ ላይ አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። «በእጃችን ባሉት ጥቂት ታካሚዎች ምን ጥናት ይሠራል? ቀዶ ሕክምናውን በደንብ መሥራቱ አይበቃም ወይ?» ነበር ያልሽው። ሳሰላስለው ነው የከረምኩት። አሁን የምመልስልሽ ነገር አለኝ።

ለካንሰር ሕክምና ጨረር የወሰደ መንጋጋ ላይ ጥርስ መንቀል እንዴት እንደሚያስጨንቅ አትረሺውም። ሰውየው ካንሰሩን አልፎ ይመጣል። ምራቁ ደርቋል፣ አፉ እንደ ልብ አይከፈትም፣ ጥርሶቹ ከድዱ ሥር ጀምሮ ተበልተዋል። መንቀል ግድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው ያንን ጉድጓድ ማየት ነው። ድዱ ከዳርና ከዳር መጥቶ መገናኘት አለበት። አንዳንዱ ሰው ላይ አይገናኝም። መሃሉ ላይ ቢጫማ አጥንት ፈጦ ይቀራል፤ ሲነኩት አያመውም፣ አይደማም። ወራት አልፈውም ያው ነው። ሲብስ መንጋጋው ራሱ ይሰበራል። ካንሰርን ያሸነፈ ሰው በጥርስ ምክንያት እንዲህ ሲሆን ማየት አሁንም ያንገበግበኛል።

እኛ ስንማር መልሱ ኦክስጅን ነበር። ከመንቀሉ በፊት 20 ጊዜ፣ ከተነቀለ በኋላ 10 ጊዜ ታካሚው ግፊቱ ከፍ ያለ ክፍል ውስጥ ገብቶ ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል። ለፈተና ሸምድደነዋል። ከየት እንደመጣ ግን የነገረን አልነበረም፤ እኔም ሰሞኑን ነው ወደ መነሻው ተመልሼ ያነበብኩት።

አሜሪካዊው የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሮበርት ማርክስ በፈረንጆቹ 1983 ጨረር የነካው አጥንት ኦክስጅኑም፣ ሕዋሱም፣ የደም ሥሩም የተመናመነ ነው አለ። በ1985 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ጨረር ወስደው ጥርስ የሚነቀልላቸውን 74 ታካሚዎች ለሁለት ከፍለው አንዱን ቡድን በፔኒሲሊን፣ ሌላውን በኦክስጅን አከሙ። ፔኒሲሊን ከወሰዱት 37 ሰዎች የ11ዱ አጥንት ሞተ። ኦክስጅን ከወሰዱት 37 ሰዎች ግን የ2ቱ ብቻ። ይህን ያየ ሐኪም ቢያምን አይፈረድበትም። ከ30 ዓመት በላይም ብዙዎች በዚሁ ሲሠሩ ኖሩ።

ከዚያ ሌሎች መልሰው ፈተሹት። በ2004 የፈረንሳይ ሐኪሞች አጥንታቸው አስቀድሞ በሞተባቸው 68 ሰዎች ላይ ሞከሩት። ኦክስጅን ካገኙት 19 በመቶ፣ የማስመሰያ ሕክምና ብቻ ካገኙት 32 በመቶ ዳኑ። ጥናቱ ገና ሳያልቅ እንዲቆም ተደረገ። የመከላከሉ ጥያቄ ግን አልተነካም ነበር። እሱን በ2019 የታተመው፣ በብሪታንያ የተመራው ሆፖን የተባለው ጥናት አነሳው። 144 ሰዎች በዕጣ ተመደቡ። በ6 ወር ውጤታቸው ሊገመገም የቻለው የ100ው ነው። ኦክስጅን ካገኙት 47 ሰዎች 3ቱ፣ ካላገኙት 53 ሰዎችም 3ቱ አጥንታቸው ሞተ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ሠላሳ ጊዜ ተመላልሶ የታሸገ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ለደከመ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቢው።

ይህን ስልሽ ማርክስን ለማሳነስ አይደለም። የጨረር አሰጣጡ ራሱ ከያኔው ተለውጧል፤ ዛሬ ጤነኛውን አጥንት በተሻለ ይቆጥባል። ደግሞስ በ2003 ለካንሰር ታካሚዎች በደም ሥር የሚሰጡት ፓሚድሮኔትና ዞሌድሮኔት የተባሉ የአጥንት መድኃኒቶች የመንጋጋ አጥንት እንደሚገድሉ በአጭር ጽሑፍ ያስጠነቀቀው ማን ሆነና? ይኸው ማርክስ ነው። 36 ታካሚዎችን ብቻ ይዞ ነበር። ልክ ነበር፤ ዛሬ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ጥርስ ይታይ የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። 36 ሰው «እዚህ ጋ አደጋ አለ» ለማለት በቃ። 74 ሰው ግን «ይህ ሕክምና ይሠራል» ብሎ ነገሩን ለመዝጋት አልበቃም። ስለዚህ የእኛ ጥቂት ታካሚዎች ዋጋ የሚለካው በምንጠይቀው ጥያቄ ነው። ያየነውን በጥንቃቄ መመዝገብ እንችላለን። ሕክምናን ከሕክምና ለማወዳደር ግን ከሌሎች ጋር መደመር አለብን።

ለመደመር ደግሞ አንድ ቋንቋ ያስፈልጋል። መድኃኒት የሚያመጣው የአጥንት መሞት ከ8 ሳምንት በላይ የተጋለጠ አጥንት ተብሎ ተደንግጓል። በጨረሩ በኩል ግን አንዱ 3 ወር ይጠብቃል፣ ሌላው 6 ወር። እንዲህ የተሰበሰበ ዳታ እንዴት ይደመራል? በበኩሌ ከአዲስ መድኃኒት ፍለጋ በፊት ይህ ቢስተካከል እመርጣለሁ።

ከሆፖን ደግሞ አንድ ነገር ወስጃለሁ። ፎቶውንና ራጁን አይተው የፈረዱት ሰዎች የትኛው ታካሚ ኦክስጅን እንዳገኘ አያውቁም ነበር። እኛም ጋ ጉድጓዱን በየቀጠሮው ፎቶ ማንሳት ጀምረናል። አፍ ውስጥ የሚገባውን መስታወት ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክረን ነው የምናስገባው፣ አለዚያ በትንፋሽ ይደበዝዛል። አጠገቡ ትንሽ ማስመሪያ እናደርጋለን። ርቀቱ፣ መብራቱ፣ ማዕዘኑ ሁሌም አንድ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ያለ እሱ የዛሬውን ከባለፈው ማወዳደር አይቻልም።

የቀረኝ ሁለተኛ ዓይን ነው። እኔ ታካሚዎቹን አውቃቸዋለሁ። ሲድኑ ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ ፍርዴ ወደዚያ ሊያደላ ይችላል። የማታውቃቸው፣ ግን እንዲህ ያለ ቁስል ብዙ ያየች ሰው ያስፈልገኛል። አንቺን ነው ያሰብኩት። ታካሚዎቹ ፈቅደዋል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ያውቃል፤ ስምና የካርድ ቁጥር ወጥቶ ይላክልሻል። ያንቺን ፍርድ ከጻፍሽ በኋላ የእኔን ታያለሽ እንጂ ቀድሜ አልነግርሽም። ካልተስማማን ለሦስተኛ ሰው እናሳያለን።

ያንቺ ታካሚዎችም በዚሁ መንገድ ቢመዘገቡ ደግሞ ሁለት ቦታ ሆንን ማለት ነው። ቅጹን ከደብዳቤው ጋር አያይዤዋለሁ፤ የማይመችሽን ሰርዢ፣ የጎደለውን ጨምሪ። መቼ እንደሚመችሽ ጻፊልኝ። ባይመችሽም ጻፊልኝ።

ወዳጅሽ