በስልክ ያላለቀው ወሬ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የልጅ ልጅሽ ጡት ይዛ ተኝታለች፤ እኔ በአንድ እጄ እጽፍልሻለሁ።

በቀደም በስልክ «ምጡ ሳይመጣ ለምን ያስመጡታል? ምን አስቸኮላቸው?» ብለሽ ተቆጣሽ። ኔትወርኩ ተቆራርጦ መልሱ ሳይደርስሽ ቀረ። የእህቴም ቀን እየደረሰ ነው፤ ስለዚህ አንቺ አንብበሽ ለእሷም አንብቢላት።

ማንም አላስቸኮለኝም፣ እማዬ። እዚህ እንግሊዝ አገር 41 ሳምንት ሞልቶ ምጥ ካልመጣ «በመድኃኒት እናስጀምርልሽ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ የእንግዴ ልጁ ሊደክም ይችላል፤ በልጁ ላይ ያለው አደጋም ትንሽ በትንሽ ይጨምራል። ከሦስት ወላድ አንዷ ገደማ የምትወልደው እንዲህ ምጡን አስጀምረውላት ነው። እምቢ ማለትም ይቻላል። በቅድመ ወሊድ ትምህርቱ መጀመሪያ ያስጠኑን መጠየቅን ነው፦ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጉዳቱስ? ሌላ መንገድ አለ? ብንቆይስ? አማችሽ ይህን ሁሉ በስልኩ ጽፎ ይዞ ሐኪሟን አፋጠጣት። አንቺ ብትኖሪ በሀፍረት ትሸማቀቂ ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ።

«ለመተንፈስም ትምህርት ቤት ተገባ?» ብለሽ ስቀሽብኝ የለ? ምን እንዳደረጉን ልንገርሽ። በረዶ በጭብጣችን አስይዘው አንድ ደቂቃ አስቆዩን። መጀመሪያ ዝም ብለን፣ ቀጥሎ እየተነፈስን። በረዶው ያው ነው፣ ማቃጠሉም ያው ነው። በሁለተኛው ዙር ግን እጄን ለመክፈት አልጣደፍኩም። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠርሽ ትስቢያለሽ፤ በአፍ እስከ ስድስት ታወጪያለሽ። ዋናው ማውጣቱ ነው፣ ረዘም ይበል። ትከሻ ይውረድ፣ ጥርስ አይነከስ። ቁና ቁና መተንፈስ ራስ ያዞራል፣ ጣት ያደነዝዛል።

ሆስፒታል ስገባ የማህፀን በር የሚያለሰልስ መድኃኒት አስገቡልኝ። ከዚያ ጥበቃ ነው። ኢንዳክሽን፣ ማለትም ምጥ ማስጀመር፣ ሲሉሽ ግማሹ ጥበቃ እንደሆነ ማንም አይነግርሽም። ሌሊቱን እንደ ወር አበባ የሆነ ቁርጠት ይመጣል፣ ይሄዳል። ከመጋረጃው ማዶ ሌላዋ ታቃስታለች። አራት ስቤ ስድስት እያወጣሁ ትንሽ ትንሽ አሸለብኩ።

ጠዋት የሽርት ውሃውን አፈሰሱና ምጥ የሚያመጣውን ኦክሲቶሲን እንደ ግሉኮስ በክንዴ ሰኩልኝ። እዚህ ላይ እውነቱን አልደብቅሽም። በራሱ ጊዜ የሚመጣ ምጥ ቀስ እያለ ያለማምዳል አሉ። ይሄኛው ማለማመድ አያውቅም። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስት አራት ምጥ እስኪመጣ ድረስ መጠኑን በየግማሽ ሰዓቱ ከፍ ያደርጉታል። ህመሙ ሲጀምር ልተንፍስ ካልኩ ይቀድመኛል። መላ ያገኘው አማችሽ ነው። የልጅቷን የልብ ምትና የኔን ምጥ የሚከታተል ማሽን ሆዴ ላይ ታስሮ ነበር። ወረቀቱ ላይ መስመሩ ሽቅብ ማለት ሲጀምር «አሁን!» ይለኛል። ህመም የሚያስታግሰውን ጋዝም የምስበው ያኔ ነው። ግማሹ ኦክስጅን፣ ግማሹ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ ለመሥራት ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይፈጅበታል። ምጡ ከበረታ በኋላ ብትስቢው ምን ዋጋ አለው?

እስከ ስድስት መቁጠሩ ሲጠፋብኝ «ማርያም፣ ማርያም» እያልኩ ማውጣት ጀመርኩ። አዋላጇ «ምን እያለች ነው?» ስትል አማችሽ ፈጠን ብሎ «እየቆጠረች ነው» አላት። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቄ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ግን በቃኝ አልኩ። ወገብ ላይ የሚሰጠውን ማደንዘዣ፣ ኤፒዱራሉን፣ ራሴ ጠየቅኩ። «ታዲያ ያ ሁሉ ትምህርት ለምን ነበር?» እንዳትዪኝ። መርፌው ሲገባ ትራስ አቅፈሽ፣ ጀርባሽን አጉብጠሽ፣ ንቅንቅ ሳትዪ መቀመጥ አለብሽ። ምጡ ደግሞ አንቺን ብሎ አይቆምም። ከጀርባዬ መርፌ፣ ከፊቴ ምጥ። ትከሻዬን አውርጄ፣ ዓይኔን የአማችሽ ሸሚዝ ቁልፍ ላይ ተክዬ፣ ትንፋሼን ቀስ አድርጌ አወጣሁ። አልተነቃነቅኩም። ሌላው ቢቀር ለዚያች ደቂቃ ብቻ ብማረው ኖሮ ይበቃኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ ጭንቅላቷ ብቅ ሲል አዋላጇ «አሁን አትግፊ፣ እፍ እፍ በይ» አለችኝ። ቀስ ብላ እንድትወጣ፣ እኔም ብዙ እንዳልቀደድ ነው። እፍ እፍ አልኩ፤ ወጣች። እልልታውን አንቺው በስልክ አቀለጥሽው፤ ክፍሉ በሙሉ ሰማሽ።

እህቴ ክትትል የምታደርግበት ቦታ ትምህርቱ ካለ ባሏን ይዛ ትሂድ። ከሌለ ማታ ማታ በቪዲዮ እኔ አለማምዳታለሁ። ቀኗ ካለፈና «በመድኃኒት እናስጀምር» ካሏት እነዚያን ጥያቄዎች ትጠይቅ፤ ማደንዘዣ ካለና ካማራት ትውሰድ፣ ማንም አይፍረድባት። አብረሻት የምትገቢው አንቺ ከሆንሽ ደግሞ «አይዞሽ» ብቻ አትበያት፣ ቁጠሪላት። የአራቱንና የስድስቱን ነገር አሁኑኑ ከእሷ ጋር ተለማመጂ።

ለገንፎው ዱቄት ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ። ቅቤውን አንጥረሽ በደንብ እሸጊው፤ ባለፈው ሻንጣው ውስጥ ፈሶ የአማችሽን ኮት አበላሽቷል።

የምትወድሽ ልጅሽ
ከለንደን