ጉንፋን ሲይዝሽ ኪኒንሽን አታቋርጪ

ወልድያ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ደሴ ላይ ጉንፋን መበርታቱንና የዶርም ጓደኞችሽ ትኩሳት ይዟቸው መተኛታቸውን ከነገርሽኝ ወዲህ፣ አንቺም የሚጥል በሽታ ስላለብሽ ሐሳብ ስለገባኝ፣ ነገሩም በስልክ ተጣድፎ የሚነገር ስላልሆነ፣ እንደ አባትም ዕድሜውን በነርስነት እንደ ጨረሰ ሰውም ሆኜ ይህን ጽፌልሻለሁ።

ኢንፍሉዌንዛም ሆነ ኮቪድ የነርቭ ሕመም ያለበትን ሰው ከሌላው ይልቅ ይጎዳል፤ የሚጎዳበት መንገድ ግን እንደ ሕመሙ ይለያያል። ስትሮክ የመታቸው አያትሽ በሚገባ መዋጥና አክታቸውን አስለው ማውጣት ስለሚሳናቸው፣ ጉንፋኑ በቀላሉ ወደ ሳንባ ምች ሊዞርባቸው ይችላል። አንቺ ይህ ችግር የለብሽም። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው የሚያሰጋው ትኩሳቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ማስመለሱ ነው፤ ሁለቱ አንጎልን ለመንቀጥቀጥ ያጋልጡታል፣ ሦስተኛው ደግሞ የዋጥሽውን የሚጥል በሽታ ኪኒንሽን፣ ፌኖባርቢታልን፣ ሳይሠራ ያስወጣዋል።

ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ግን መድኃኒቱ መቋረጡን ነው። ሰው ሲታመም «ምግብ ሳልቀምስ እንዴት ኪኒን እውጣለሁ» ይላል፣ ወይም ጸበል ሊጠመቅ ሲሄድ ኪኒኑን እቤት ትቶት ይሄዳል፤ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም ግን አንዱ መንቀጥቀጥ ሳይለቅ ሌላው እየተከተለ ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል። ጸበሉንም ሆነ እናትሽ የምትልክልሽን ዳማከሴ አልነቅፍም፤ ከኪኒኑ ጋር አብረው ይሁኑ እንጂ በእርሱ ቦታ አይግቡ። ኪኒኑን ከዋጥሽ ብዙም ሳይቆይ ካስመለሰሽ፣ በራስሽ ግምት ከመድገምም ከመተውም በፊት የጤና ባለሙያ ጠይቂ።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ውሰጂ፣ ፈሳሽም ደጋግመሽ ጠጪ። ከመድኃኒት ቤት ሌላ ማስታገሻ ስትገዢ ሕመምሽን ሳትደብቂ ተናገሪ፤ ትራማዶል መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ ይችላል፣ እንቅልፍ የሚያመጣ የጉንፋን መድኃኒትም ከፌኖባርቢታል ጋር ተደርቦ ከመጠን በላይ ሊያደነዝዝሽ ይችላል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የምታገኚበት ዕድል ካለ በየዓመቱ ተከተቢ። የጦሳ ተራራ ብርድ ያስፈራችኋል ብዬ ብገምትም፣ ቫይረሱን የሚያዛምተው ተዘግቶ የሚውለው የታፈነ ክፍል ስለሆነ፣ ቀን ቀን መስኮቱን ክፈቱት።

ጓደኞችሽ ሕመምሽን ቢያውቁ ደስ ይለኛል፤ ማፈሩ ይቅርብሽ። ቢጥልሽ በጎንሽ ያስተኙሽ፣ አፍሽ ውስጥ ምንም አይክተቱ፣ ክብሪት ጭረው አያሽትቱሽ፣ ሰዓት ይያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳትነቂ ሌላ ከተከተለ፣ ጊዜ ሳያጠፉ ሆስፒታል ያድርሱሽ። ትኩሳት ከብርቱ ራስ ምታት፣ ከአንገት መገተር ወይም ከመቀባዠር ጋር ከመጣ ግን፣ ባይጥልሽም፣ ቫይረሱ ራሱ አንጎልን አጥቅቶ ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አትጠብቂ።

የቀረሽን ኪኒን ቆጥረሽ እስከ ቀጠሮሽ የሚያደርስ መሆኑን በመልእክት አሳውቂኝ፤ የሚያንስ ከሆነ ከማለቁ በፊት ሆስፒታል ሄደሽ አሳድሺ፣ ለትራንስፖርቱ እኔ እልክልሻለሁ።

አባትሽ