የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ፦ ሶላርና የደብረ ብርሃን ብርድ

ጥቅምት ላይ ክበቡ ሲደራጅ ስለ ሶላር የተነሣው የመጀመሪያ አስተያየት «እሱ ለቆላ ነው እንጂ ለእኛ ብርድ አይሆንም» የሚል ነበር። አብዛኛው አባል ተስማማ። እኔም ክርክሩን በቃል ከመጨረስ በመለኪያ ይታይ አልኩ። ችግኝ ተክለናል፣ የጥያቄና መልስ ውድድሩም እንደ ወትሮው ተካሂዷል፤ የቀረውን ገጽ ለሶላሩ ልተው።

ያለን አንድ ባለ 100 ዋት ፓነል ነው። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ግን ከዚህ በፊት ልብ ብሎ ያነበበው የለም። 100 ዋት የሚሰጠው ሴሎቹ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆነው በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን ሲያርፍባቸው ነው፤ ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ጉልበቱ 0.4 በመቶ ይቀንሳል።

ታኅሣሥ ላይ አንዱን ቴርሞሜትር ጥላ ሥር ሰቀልን፣ ሌላውን ከፓነሉ ጀርባ በፕላስተር ለጠፍን። ቀትር ላይ አየሩ 20 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ፓነሉ ወደ 50 ይጠጋል፤ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ይወርዳል። ለፓነሉ ዋናው የራሱ ግለት መሆኑ የገባን ያኔ ነው፤ የአየሩ ሙቀት መነሻው ብቻ ነው።

ክርክር ያስነሣው የጠዋቱ ልኬት ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ ቮልቴጁ ከቀትሩ በለጠ። «እንግዲያው ጠዋት ይሻላል!» ያሉ ነበሩ። የክበቡ ጸሐፊ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከረንቱን (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን) ለክታ አሳየቻቸው፦ ፀሐይዋ ገና አጋድላ ስለነበር ከቀትሩ በጣም ያነሰ ነው። ጉልበት ማለት የቮልቴጅና የከረንት ብዜት ነውና ነገሩ በዚያው አበቃ።

ቀትር ላይ ሰብሳቢው ጨርቅ ውኃ ነክሮ የፓነሉን ጀርባ ያብስ ጀመር። ጸሐፊዋ መልቲሜትሩ ላይ አፍጥጣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች፦ ከ19 ቮልት ተነሥቶ 20ን አለፈ። ፀሐይዋ ያችው፣ ፓነሉም ያው። ሴሎቹ የተሠሩበት ሲሊከን ሲግል ብርሃን ያላቀቃቸው ኤሌክትሮኖች ወደ ሽቦው ሳይደርሱ ተመልሰው የመጣመር ዕድላቸው ይጨምራል፤ የአንድ ሴል ቮልቴጅም በዲግሪ 2 ሚሊቮልት ገደማ ይወርዳል። 36 ሴል ተቀጣጥሎ 25 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 2 ቮልት ይጠፋል ማለት ነው። ለ12 ቮልት ባትሪ የሚሸጥ ፓነል 18 ቮልት ገደማ ሆኖ የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚያ በሒሳብ ወደ ሰመራ ወረድን። አየሩ 40 ዲግሪ ቢሆን ፓነሉ 70 ይደርሳል፤ ከ100 ዋቱ 82 ይቀራል። በእኛ 20 ዲግሪ ግን 90። ይህ ማለት ግን ቆላ ለሶላር አይሆንም ማለት አይደለም። የደብረ ብርሃን ክረምት ቀዝቃዛ ነው፣ ደመናው ግን ብርዱ ያተረፈልንን ብዙ እጥፍ አድርጎ ይወስደዋል።

ፓነሉ አሁን ሚኒ ሚዲያው ጣሪያ ላይ ነው፤ ከቆርቆሮው በብረት እግር ከፍ ስላደረግነው ከሥሩ ነፋስ ያልፋል። የመልቲሜትሩ ባትሪ የተገዛው በአባላት መዋጮ መሆኑንም በጀት የሚይዙ ሰዎች እንዲያውቁት ይሁን። በመጪው ዓመት ሁለተኛ ፓነል ከተገኘ ቆርቆሮው ላይ ልጥፍ አድርገን የሁለቱን ልዩነት እንለካለን። የልኬት ደብተሩ ፊዚክስ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ አባል ያልሆነም መጥቶ ማየት ይችላል።